ጥንድ ያጣው ስፌት

እናቴ «አንቺንስ ቆሜ ሳልወልድሽ አልቀረሁም» ትለኝ ነበር፤ ቁጭ ማለት አልችልማ። የሚገርመው ግን ከሥራ ሁሉ አጥብቄ የወደድኩት ቁጭ ተብሎ የሚሠራውን ስፌት ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ኤረር በር አጠገብ ነበር። በበሩ እየሮጥኩ እገባና ወይዘሮ ዐብላ ግቢ እደርሳለሁ። እሳቸው የጀጎል፣ የግንቡ ውስጥ ከተማ፣ ተወላጅ ሙስሊም ናቸው፤ የሰፈሩን ልጃገረዶች ስፌት ያስተምራሉ። የወታደር ልጅ መሆኔን እያወቁ አላባረሩኝም። ወስፌ ሰጥተው ጥግ አስቀመጡኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ሥራዬን እያገላበጡ የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው። እህል አኑሪበት።» እህል አኑሪበት ማለት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ማለት ነው። በሐረሮች ቤት የሴት ሙያ የሚታየው ግድግዳ ላይ ነው። ለሙሽራ የሚሰቀለው ስፌት ደግሞ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ነው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ።

በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የወንድማቸው ልጅ መብሩካ ታጨች። ወይዘሮ ዐብላ አስጠሩኝና «ኢንሻአላህ ሰርጉ ጥቅምት ነው። አንድ ጥንድ ካንቺ እቀበላለሁ። እኔ ያስተማርኩሽን መልሰሽ እንዳታመጪልኝ» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይህ ጥንድ ከተሰቀለ የስፌት ባለሙያ ነኝ፣ ካልተሰቀለ ወስፌዬን ጉድጓድ እጥለዋለሁ ብዬ ማልኩ።

የምኖረው ከሐረር ወጣ ብሎ ሶፊ ነው፣ ባሌ ሀብተወልድ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ። አባቱ ከሸዋ የዘመቱ ወታደር ነበሩ፤ ሐረር በተያዘ ጊዜ ሾላውንም ምንጩንም አሮጌውን የድንጋይ አጥርም አንድ ላይ ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት የማን እንደነበረ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ፤ አንድም ነገር አልመጣልኝም። ጀምሬ እፈታለሁ፣ ፈትቼ እጀምራለሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ፤ ቀን ከቤት እስከ ምንጩ፣ ከምንጩ እስከ በረቱ እመላለሳለሁ። ወጡ አረረ፤ ጥጃዋ እናቷን ጥርግ አድርጋ ጠባች። ሀብተወልድ «ሴትዮ፣ መሬቱን በእግርሽ አረስሽው እኮ! በሬዎቹን ልሽጣቸው እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። ያን ቀን ምሳውን አላቀረብኩለትም።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት እንዲሁ ስንቆራጠጥ ከአጥሩ ስር ሰማያዊ ነገር አየሁ። አረም ናት። ሁልጊዜ ነቅለን ለከብት የምንጥላት፣ ሁለት የአበባ ቅጠል ብቻ ያላት ትንሽ አበባ። ጠዋት ትከፈታለች፣ ፀሐይ ሲጠና ትከደናለች። ስምንት ክረምት ረግጫት አልፌአለሁ። አጠገቧ ቢጫ አለ፣ ከድንጋዩ ላይ ደግሞ የእሬት ቀይ። ቁጭ አልኩ። እኔ፣ እናቴ ቆማ የወለደችኝ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ነጋዴ ከኤደን ባመጣው ቀለም አለላዬን ነከርኩ። በየጠዋቱ አበባዋ እስክትከደን እዚያው ድንጋይ ስር እየተቀመጥኩ በዘጠኝ ቀን የመጀመሪያውን ሰፍቼ ጨረስኩት። ከመሀል ሁለቱ ሰማያዊ ቅጠሎች፣ ዙሪያውን ቢጫና ቀይ። ችኮላዬ ግን አንድ ነገር አስረሳኝ። ወይዘሮ ዐብላ ቤት አለላ ተቆጥሮ ነው የሚገባው፤ ልጃገረዶቹ በየዙሩ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ ጥንዱ የሚወጣው በዚያ ቁጥር ነውና። እኔ አበባዋን እያየሁ በዓይኔ ብቻ ሰፋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ወሰድኩላቸው። ተቀብለው አገላበጡት። ጣታቸው ሁለቱ ሰማያዊ ቅጠሎች ላይ ቆመ።

«ይህችን የት አየሻት?»

«ሶፊ፣ ቤቴ። ከምንጩ በላይ፣ ከድንጋይ አጥሩ ስር።»

ስፌቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «ጥንዱስ?» አሉ።

«እየደረሰ ነው።»

«ቁጥሩን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ» አልኩ። ዋሸሁ፤ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። የመጀመሪያውን ተውሼ መጣሁና ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ልገለብጠው ሞከርኩ። አንዱ ቅጠል ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፤ የሰፋሁት አበባ ሳይሆን የጥንቸል ጆሮ ሆነ። አምስት ጊዜ ፈታሁት። አበባዋን ልይ ብዬ ወደ አጥሩ ብሄድ ደርቃለች፤ የቀረችውንም በመሬታችን ላይ የሚሠራው ገበሬ አርሞ ጥሏታል። ሀብተወልድ ላይ ጮህኩ፣ ገበሬው ላይ ጮህኩ፣ በመጨረሻ በረት ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

የሰርጉ ዋዜማ ሁለቱንም በነጠላዬ ጠቅልዬ ጀጎል ገባሁ። ሴቶቹ ግድግዳውን እያስጌጡ ነው፤ ከመካከሉ የሁለት ስፌት ቦታ ባዶ ቀርቷል። ወይዘሮ ዐብላ ሁለቱን ጎን ለጎን አኖሩና አንድ ጊዜ ብቻ አዩ።

«ይኼ እውነቱን ነው። ይኼኛው ግን ውሸቱን ነው።»

«አልቆጠርኩም» አልኳቸው። «አበባዋን እያየሁ ነው የሰፋሁት። ይቅር ይበሉኝ። ጥንድ የለውም።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው ሣጥን ሲከፍቱ ሰማሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስፌት ይዘው ወጡ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሰማያዊው ወደ አመድነት ሄዷል። ከመሀሉ ሁለት ቅጠል ብቻ ያላት አበባ ነበረች።

«እኔም አልቆጠርኩም» አሉ ወይዘሮ ዐብላ። «አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ክረምት ክረምት አባቴ አትክልት ቦታው ይወስደናል። ከምንጩ በላይ፣ ከድንጋይ አጥሩ ስር ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። እናቴ ጥንዱን አምጪ አለችኝ። አበባዋ በሚቀጥለው ክረምት ትወጣለች፣ ያን ጊዜ እሰፋዋለሁ አልኩ። ጥር ላይ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ በኋላ አበባዋ የምትወጣው በሰው አጥር ውስጥ ሆነ።»

በሰው አጥር። ያ ሰው የባሌ አባት ነው፤ ዛሬ ደግሞ እኔ። ሃያ ዓመት እጄን ይዘው ወስፌ ያስጨበጡኝ ሴትዮ ይህን በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። አፈርኩ። እግራቸው ስር ተቀመጥኩ።

እሳቸው በርጩማ ላይ ወጥተው የሁለታችንን ስፌት ባዶው ቦታ ላይ ሰቀሉ፣ የሳቸውን በቀኝ፣ የኔን በግራ። መብሩካ ደነገጠች። «አክስቴ፣ አይመሳሰሉም እኮ! ሰው ምን ይለናል?»

«ዝም በይ። ጥንድ ናቸው» አሉ። ከበርጩማው ሲወርዱ ትከሻዬን ይዘው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ «ሾላው ቆሟል?»

«ቆሟል፣ እትዬ። ክረምት ሲገባ ይምጡ።»

«አላህ ካለ» አሉ፤ እጃቸው ግን ትከሻዬ ላይ ብዙ ቆየ።

በሚቀጥለው ሐምሌ ገበሬው አጥሩን ሊያርም ሲመጣ አላስነካም አልኩ። አበባዎቹ ከምንጩ እስከ በሩ ድረስ ወጡ። ሀብተወልድ ቆሞ አየና «ይኼን ሁሉ አረም የምትጠብቂው ለማን ነው?» አለኝ።

«ለባለቤቷ» አልኩትና አጥሩ ስር ቁጭ ብዬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ።