የሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ጎል

ረታ ለስፖርት መምህርነት ጋምቤላ በመጣ በሳምንቱ የባሮን ድልድይ ተሻግሮ መሮጥ ጀመረ። ጡረታ ከወጣም በኋላ አላቆመም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲሮጥ፣ እሑድ እሑድ የሰፈር ኳስ ሲዳኝ ኖሯል። በጭነት መኪና ተጭኖ ኢታንግ ድረስ ሄዶ ያጫውት ነበር። ሰፈር ከሰፈር ሲኳረፍ እንኳ ሁለቱም ወገን "ቲቸር ረታ ያጫውተን" ይላሉ።

በዘንድሮው ፍጻሜ፣ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ኳሷ አግዳሚውን መትታ መስመሩ ላይ ወደቀች። የመስመር ዳኛው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ረታም ያየው አቧራ ብቻ ነው። ግን ፊሽካውን ነፋ፤ ጎል አለ።

ጎል የተቆጠረበት ቡድን አምበል ኦቻላ ቀስ ብሎ መጣ። ረታ ከልጅነቱ ያስተማረው ተከላካይ ነው።

"ቲቸር፣ ኳሷ አላለፈችም። አጠገቧ ነበርኩ።"

"ወደ ቦታህ ተመለስ።"

"እናቴ ትሙት፣ አላለፈችም።"

ረታ ቀይ ካርድ አወጣ። ልጁ አልተሳደበም፤ ረታን ያስቆጣው ኳሷን ራሱ አለማየቱ ነው። ቀይ ያየ ተጫዋች ደግሞ ለክልሉ ምርጥ ቡድን አይታጭም። ደንቡን ከዓመታት በፊት ያረቀቀው ረታ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ሲሮጥ በግራው በኩል ከቆመ ባጃጅ ጋር ተላተመ። ጤና ጣቢያ ነርሷ መቅደላዊት ዓይኑን አንድ በአንድ እየሸፈነች መረመረችው።

"ጋሽ ረታ፣ የዓይን ግፊት ነው። የግራው እይታ ከሄደ ቆይቷል።"

"ይመለሳል?"

"የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ ውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ እንየው ሄደ። ሁሉንም ነገረው።

"ምርጥ ቡድኑ ትናንት ተጉዟል" አለ እንየው። "አሁን መናገሩ ስምዎን ከማጥፋት በቀር ምን ይጠቅማል?"

"ይጥፋ።"

እሑድ ሜዳው ላይ ድምፅ ማጉያውን ያዘና ጎሉን እንዳላየ፣ ኦቻላም ያለ ጥፋቱ እንደተባረረ ተናገረ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው "ስንቱን ጨዋታ እንዲህ ዳኝተኸዋል?" ሲል ጠየቀ። ረታ ይህንኑ ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ነበር ያደረው።

ኦቻላ ወርቅ ሊቆፍር ዲማ ወርዶ ነበር። ረታ ደጋግሞ ቢደውልለትም ስልኩ የተነሳው በሳምንቱ እሑድ ነው።

"ሰምቻለሁ፣ ቲቸር።"

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ከወዲያ አካፋ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። "ልጆቹ ጨዋታውን ሸጦታል ሲሉ፣ ቲቸር አይሸጥም ብዬ ተጣልቻለሁ። እርስዎ እንደማያዩ ግን አልነገሩንም።"

"እኔም አላወቅኩም። ለከርሞ ተመለስ፤ እንዲመርጡህ እለምናቸዋለሁ።"

"ለከርሞ ሠላሳ ይሞላኛል፣ ቲቸር። ማን ይመርጠኛል?" አለና ለሥራ እየጠሩት መሆኑን ተናግሮ ተሰናበተ።

ረታ ቤቱ ውስጥ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ከሜዳው በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ጎል ይሁን ጠብ አልለየውም። ተነስቶም አልወጣም።