የኋለኛው ወንበር ተማሪ

ሐሴት የእንስሳት ሐኪሙ የሰጣትን ብጣሽ ወረቀት በግራ እጇ ይዛ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ገለበጠችው። የበግ ክትባት በቀበሌው ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ይሰጣል። ጽፋ ስትጨርስ ጠመኔዋን አስቀምጣ ዘወር አለች። ያሰበችው «በግ» የሚለውን ቃል እነሱ ፈልገው እንዲያገኙ፣ የቀረውን ደግሞ እሷ እንድታነብላቸው ነበር።

«ቅዳሜማ ገበያ ነው» አሉ ከኋለኛው ወንበር አቶ ወልደ አማኑኤል። «ሰው ሁሉ ገበያ ወርዶ በጉን ማን ሊያመጣው ነው?»

ሐሴት ገና አንድም ቃል አላነበበችም። ጠዋት ጠዋት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በሚቀመጡባቸው አጫጭር ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡት አሥራ አራት ጎልማሶች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተናገሩት ሰውዬ አልነበረም። በመስኮቱ በኩል ከፊት ወደተቀመጡት ወደ ወይዘሮ ጌታነሽ ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ እስክሪብቷቸውን ከደኑ፤ ደብተራቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡና ወጥተው ሄዱ። አቶ ወልደ አማኑኤል አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ሐሴት።

ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው አንዷለም እንኳ ዛሬ አልቀለደም። «መምህር፣ ወደ በጉ ብንመለስ ይሻላል» አላት።

ወደ በጉ ተመለሱ፤ ልቧ ግን አልተመለሰም። ሐሴት ከደብረ ብርሃን ወደዚህ ከዘመሮ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወደሚርቅ ቀበሌ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ተብላ ስትቀጠር ፊደል አስተምሪ፣ መዝገብ ያዢ፣ በየወሩ ሪፖርት አድርጊ ተብላለች። እንደ አቶ ወልደ አማኑኤል ያለ ተማሪ ሲገጥማት ምን እንደምታደርግ ግን የነገራት የለም። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፤ ከሁሉም ኋላ ይቀመጣሉ። በሦስት ወር ውስጥ ደብተራቸው ላይ የሰፈረው በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠው የእጅ ማፍታቻ ብቻ ነው፤ መስመርና ክብ፣ መስመርና ክብ። መስመሩ ግን እንደ ክር የተወጠረ ነው። እስክሪብቶ አያያዛቸውም የጀማሪ አይደለም። እሷ ቸኩላ ፊደል ስትስት ደግሞ አገጫቸውን ያካሉ። ዓይናቸው ይሆን? ማስታወስ አቅቷቸው ይሆን? የኮሌጅ ማስታወሻዎቿን ሳይቀር አገላብጣ መልስ አጥታለች።

ሌላም ሐሳብ ነበረባት። ትምህርቱ ሲጀመር ተማሪዎቹ ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ አሥራ ሰባቱ ቀርተዋል። የእሷ ተቆጣጣሪ የሆነው መኳንንት የቀሩትን ስም ዝርዝር እስከ ዐርብ እንድታደርስ ነግሯታል። በስብሰባ ላይ ስማቸው ተነቦ «ይመከራሉ»። ዝርዝሩን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

በማግስቱ ሐሙስ ጉሙ ገና ከገብሱ ላይ ሳይነሳ ወደ አቶ ወልደ አማኑኤል ቤት ሄደች። ከድንጋይ ካቡ ሥር ተቀምጠው፣ አንድ ጥቁር ሙክት በጉልበታቸው መሐል አጣብቀው ጠጉሩን ይሸልቱ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ነገሩን ሳታዞር ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ማንበብ ያውቃሉ አይደል?»

መቀሳቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ መስመር ሲያሰምሩ የከረሙት?»

«መስመር ማስመር ምን ክፋት አለው? እጅ ያፍታታል።»

ሐሴት አልሳቀችም። «አዲስ ነች ብለው ሊፈትኑኝ ነው?»

ይህን ጊዜ መቀሱን አስቀመጡ። «የለም ልጄ። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ነገሩ ካንቺ ጋር አይደለም።» ድንጋዩን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው እንድትቀመጥ ጋበዟት።

«በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ፣ በዚህ አካባቢ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነህ አሉኝ። የቀረ ሰው ስሙ ይጻፍ ተባለ፤ ጻፍኩ። የተጻፈው ተቀጣ። ጌታነሽ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት። አንድ ሳምንት ቀረች፤ ስሟን ሰጠሁ። ተቀጥታ ስትመለስ ደግሞ ሰው ፊት አቆምኳትና ጠመኔ አስይዤ ‹ሀ›ን ጻፊ አልኳት። መጻፍ አቃታት። ‹አንቺ ከምትጠብቂያቸው በጎች አትሻይም› አልኳት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።»

«ለምን ነበር የቀሩት?»

«ጽንስ አስወርዷት ተኝታ ነበር። የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው።» ሙክቱ ሊነሳ ሲታገል በክርናቸው ጫን አደረጉት። «ከዚያ ወዲህ ደብተር በእጇ አልነካችም። ዘንድሮ አስተማሪ መጣች ሲባል ቤቷ ድረስ ሄጄ ተመዝገቢ ብዬ ለመንኳት። ‹አንተም እኔ የተቀመጥኩበት ትቀመጣለህ። እኔ ሳላነብ ካነበብክ ግን ያን ቀን እወጣለሁ› አለችኝ። ማልኩላት። ትናንት የበግ ነገር ሲነሳ ምላሴ ቀደመኝ።»

«አንዷለም ያውቃል?»

«ካንቺ በቀር የማያውቅ የለም።»

ሰውዬው ያሳዝኗታል፤ የማይቀረውን ግን መናገር ነበረባት። «መዝገቡ ማንበብ ለማይችል ሰው ነው፣ ጋሼ። ስምዎን ማውጣት አለብኝ።»

«አውጪው። ውሸት ጻፊ አልልሽም። የወንበሩን ነገር ግን እሷን ጠይቂያት።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ከወንዙ ማዶ ጎንበስ ብለው የነጭ ሽንኩርት መደባቸውን ያርሙ ነበር። ሐሴትን ሲያዩ ቀና አሉና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ነገረሽ?»

«ነገሩኝ፣ እትዬ። መሐላቸውን ስላፈረሱ ተቀይመው ነው የወጡት?»

«መሐላውን ለንስሐ አባቱ ይንገር።» ወይዘሮ ጌታነሽ የነቀሉትን አረም ወዲያ ወረወሩት። «እኔን ያናደደኝ የቀደመኝ ነው።»

«ምኑን?»

«አንቺ ስትጽፊ ከሥር ከሥር እየተከተልኩሽ ነበር። በግን አወቅሁት። ቀጥለው ያሉት ጠፉኝ፤ ተውኳቸው። ከዚያ ቅ አልኩ፣ ዳ አልኩ፣ ሜ አልኩ። ቅዳሜ! ገበያ ነው እኮ ልል አፌን ስከፍት እሱ ተናገረው። አርባ ዓመት ቆይቼ ያገኘኋትን አንዲት ቃል ካፌ ነጠቀኝ።»

ሐሴት ሳቋ አመለጣት፤ ወይዘሮ ጌታነሽም ላለመሳቅ ትንሽ ታገሉና ተሸነፉ። ሁለቱም ሳቃቸው እስኪያልፍ መደቡ ዳር ቆሙ።

«እና ይመለሳሉ?» አለች ሐሴት።

«ምነው አልመለስ? እሱም ይምጣ። ከመዝገብሽ አውጪው፣ ከወንበሩ ግን እኔ ሳልል አይነሳም።»

«ተማሪ ካልሆኑ ምን ናቸው ልበል?»

«የኔ ተማሪ ነው በያቸው። ዝም ማለት እያስተማርኩት ነው።»

ሐሴት በዚህ ልትሰናበታቸው ነበር። ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። ቦርሳዋን ከፍታ ዝርዝሩን አወጣች። «እትዬ፣ እነ ወይዘሮ ኮከብ ከትምህርቱ ለምን የቀሩ ይመስልዎታል?»

«እኔ በምን አውቄ? ጠይቀሻቸዋል?»

አልጠየቀችም። ሦስት ወር ሙሉ ስለ አንድ ሰው መስመርና ክብ ስታስብ ከርማለች፤ ስለ አሥራ ሰባቱ ግን ከ«ቀሪ» የሚለው ምልክት ሌላ የምታውቀው አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ስም አለ፣ የአባት ስም አለ፣ የቀሩበት ቀን ብዛት አለ። በቃ። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመቱ አስተማሪ የሰጠው ወረቀትም እንዲህ ያለ ሳይሆን አይቀርም።

ገና ወረቀቱን እንደያዘች ስልኳ ጮኸ። መኳንንት ነበር።

«ዝርዝሩ አለቀ?»

«ተጽፏል።»

«እንግዲያው ዛሬ ወደ ዘመሮ ለሚመጣ ሰው ስጪው። ነገ ስብሰባው ላይ ይነበባል።»

ሐሴት ወይዘሮ ጌታነሽን አየቻቸው። ተመልሰው ወደ አረማቸው ጎንበስ ብለዋል፤ እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም።

«አሁን አልሰጥም፣ አቶ መኳንንት። ሁለት ሳምንት ይፍቀዱልኝ። ለምን እንደቀሩ ገና አላወቅሁም።»

«ምክንያት መመርመር ያንቺ ሥራ አይደለም። ማስተማርና ሪፖርት ማድረግ ነው ሥራሽ።»

«ሳላውቃቸው እንዴት አስተምራቸዋለሁ?»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። መኳንንት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሴት፣ የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም። ይሄ ግምገማሽ ላይ ይሰፍራል። ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ይስፈር» አለች። ስልኩን ዘጋችና ዝርዝሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«የወይዘሮ ኮከብ ቤት በየት በኩል ነው?»

ወይዘሮ ጌታነሽ ቀና ብለው በመኮትኮቻቸው ወደ ጋራው ጠቆሙ። «ከጥዱ ወዲያ፣ ሁለተኛው ግቢ ነው። ውሻ አላቸው፤ ከሩቅ ተጣሪ።»

ሐሴት ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በድንጋይ ፋቀችና ገብሱን ሰንጥቆ የሚወጣውን መንገድ ያዘች።