የሚግ ሃያ አንዱ ፓራሹት

አልፈርምም አልኩህ፣ ይላሉ አባቱ ለሦስተኛ ጊዜ፣ መሳፍንት ጥርሱን ነክሶ ስክሪኑን ያያል፣ አትመልስላቸው፣ ዝም ብለህ አሳያቸው፣ የአየር ኃይል ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ፎርሙ ኪቦርዱ ሥር ነው፣ ዕድሜው ገና አሥራ ሰባት ስለሆነ የወላጅ ፊርማ ከሌለበት አይቀበሉትም። አንድ ፊርማ። የሰው አባት ልጄ ፓይለት ይሁንልኝ ብሎ ይሳላል፣ የእሱ አባት ግን፣ ያውም በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ያገለገሉ ሰውዬ፣ አልፈርምም።

ይዩ አባ፣ በዚህ የበረራ ጌም ውስጥ ሱ ሃያ ሰባትም አለ፣ የአሜሪካ ኤፍ አሥራ አምስትም አለ፣ እኔ ግን የእርስዎን ሚግ ሃያ አንድ ነው የመረጥኩት። አባቱ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚያፈስ ጣሪያ እንደሚያይ ሰው ያያሉ። እሺ ይዩ። ይነሳል፣ ጎማውን ይሰበስባል፣ በኃይል ካዞርከው ዓይንህ ይጨልማል፣ ፍጥነት ካነሰህ ከእጅህ ያመልጣል፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረኝ፣ ማንም፣ ስምንት ወር ሙሉ እዚሁ በይሄነው ኮምፒውተር ቤት፣ ለሠርግ ቪዲዮ በተገዛ ማሽን፣ መብራት ሲሄድ ከዜሮ እየጀመርኩ፣ ውጭ የሚኒባስ ረዳት ጥሊሊ ጥሊሊ አንድ ሰው እያለ ይጮኻል፣ አንተም ዝም በል።

ሞተሩ እምቢ ሲልህስ፣ ይላሉ።

እምቢ አይልም፣ ብልሽቱን ከሴቲንጉ አጥፍቼዋለሁ።

ነዳጁስ?

አያልቅም።

የቤቱ ባለቤት ይሄነው ከባንኮኒው ጀርባ ይስቃል፣ ጋሽ አድማሴ፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ቢኖርዎት ጡረታም አይወጡ ነበር። የመሳፍንት ጆሮ ይግላል፣ ሳቅ፣ ሁላችሁም ሳቁ፣ ማሳረፉን ሳታዩ፣ ማሳረፉ ነው ዋናው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ጎማው መሬት ይነካል፣ የፒ ቁልፉን ይጫናል፣ ከጭራው የፍሬን ፓራሹቱ ቦግ ብሎ ይዘረጋል፣ አውሮፕላኑ ሜዳው ሳያልቅ ይቆማል። በቃ። አሁን ይፈርማሉ።

ማን አጣጠፈው?

ምኑን?

ፓራሹቱን።

ማንም። ሲጫኑት ይወጣል፣ በሚቀጥለው በረራ ራሱ ገብቶ ይገኛል።

ማንም፣ ይላሉ አባቱ፣ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ጨርቅ ያስተካክላል፣ ያጥፋል፣ ይጫናል። እኔ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፣ ፓራሹት ማጣጠፍ ነበር ሥራዬ፣ አንድ ቀን አንዱ ሳይዘረጋ ቀረ፣ አብራሪው ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ሜዳው አለቀበት።

ይህን ነግረውት አያውቁም። ለእናቱም ነግረው አያውቁ ይሆናል። ዝም ማለት አለበት፣ ያውቃል፣ ግን ለዚህ ነው የማይፈርሙት? ሠላሳ ዓመት ላለፈው ነገር እኔ ልቀጣ? ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ የክፍል ጓደኛው ምሥራቅ ትናንት ተመዝግባ መጥታለች፣ አባቷ ገበሬ ናቸው፣ ሳያቅማሙ ፈረሙላት፣ አፉ ቀደመው፣

ታዲያ ያጣጠፉት እርስዎ ነዎት፣ እኔ ምን አደረግኩ?

ይሄነው ሳቁን ያቆማል። ቃልህን መልሰው፣ አሁኑኑ መልሰው፣ ይቅርታ በል፣ ግን አሁንም ተናዷል፣ በእሳቸው ይሁን በራሱ አያውቅም። አባቱ እጃቸውን ከጠረጴዛው ያነሳሉ። ፎርሙን ከኪቦርዱ ሥር ስበው ያወጣሉ፣ ከይሄነው እስክሪብቶ ይቀበላሉ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፣ ይፈርማሉ። ኮፍያቸውን ይደፋሉ። አባ ሊል ነው፣ አላለም፣ አባቱ በሩን አልፈው ውጭ ካፊያው ውስጥ ገብተዋል፣ አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ይቆማል፣ ቀና ሳይሉ አልፈውት ይሄዳሉ።