የኅዳር ከተማ

ሳሊሀ የምሳ ሳህኖቿን ይዛ በረንዳዬ ላይ አረፍ ስትል መጀመሪያ የምታነሳው የእግሯን ነገር ነው። ያን ቀን ግን ስለ እግሯ ምንም ሳትል፣ "ጋሼ ወልዴ፣ ነገ ሊሙ ገነት አብረውኝ ይሂዱ" አለችኝ።

እኔ ወልደሰማያት እባላለሁ፤ ጅማ መርካቶ በረንዳ ላይ የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አንድ በርጩማ አለች። ሰው እየመጣ ይቀመጥባትና የሆዱን ያወራል፣ እኔ እየሰፋሁ እሰማለሁ። ምክር እምብዛም የለኝም። የሰማሁት ሲበዛብኝ ጠዋት ዳዊት ስደግም ለፈጣሪ አስረክበዋለሁ። ሳሊሀ ጊንጆ ካለው ቤቷ ምሳ ሠርታ፣ ተሸክማ፣ ሱቃቸውን ጥለው መሄድ ለማይችሉ የመርካቶ ነጋዴዎች እየዞረች ታደርሳለች። ምግቧ ይወደዳል። እሷን ግን ጨርሷታል።

"ሊሙ ምን አለ?"

"ቤት። ምግብ ቤት የሚሆን። በቀደም ሄጄ አየሁት፤ ከተማው ሰው በሰው ነው፣ ወላሂ! ቡና ለቃሚው፣ ሹፌሩ፣ የሚበላበት አጥቶ በቁሙ ብስኩት ይቆረጥማል። ባለቤቱ ግን የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ነው የሚሉት።" እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ከእናቷ የቀረላትን የወርቅ አምባር አሳየችኝ። "ይቺን እሸጣታለሁ። እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ይነጋገሩልኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ። ሴት ብቻዋን ስትሄድ ዋጋ ይጨምራል።"

አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ያላየሁትን ቤት ከሩቅ ማጣጣል ግን አልወደድኩም።

"ቶሌ፣ እንሄዳለን" አልኳት።

ሳሊሀ አልዋሸችም። ሊሙ ገነት በኅዳር የሠርግ ቤት ትመስላለች። እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ይመጣል፣ ባዶው ይሄዳል፤ ለቃሚው ቅርጫቱን አንጠልጥሎ፣ እጁ ውስጥ ገንዘብ ጨብጦ መንገዱን ሞልቶታል። ቤቱም መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ሐጂ ሙሐመድሳኒ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ እንኳ ሳይደብቁ አሳዩን።

"ሐጂ፣ ለቀማው እስኪያልቅ፣ እስከ ጥር ብቻ ቢያከራዩዋትስ?" አልኳቸው።

"ወንድሜ፣ እስከ ጥርማ ማንም ይከራየኛል! እኔ የምፈልገው ከጥር በኋላ የሚከራየኝን ነው" ብለው ሳቁ።

ሳሊሀ ምድጃ የምታኖርበትን ጥግ በስንዝር ስትለካ ነበርና አልሰማችም።

ውሃ ልግዛ ብዬ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይዣት ገባሁ። ባለሱቋ ሳሙናና ጨው የምትሸጥ ታይቱ የምትባል ሴት ናት፤ ከከምባታ ከመጣች ዘመን አልፏታል። "እኅቴ፣ ሐምሌ ላይ እዚህ ሰው ምን ይበላል?" አልኳት።

"ቤቱ ያለውን ነዋ! ሐምሌ ላይ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ጎርፍ ብቻ ነው። እኔም በሬን ገርበብ አድርጌ መዝሙር እሰማለሁ።" ሳሊሀን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ያንን ቤት ልትይዢ ነው? እናንተ የጅማ ሰዎች ኅዳርን አይታችሁ ዓመቱን ትከራያላችሁ። ካቻምና አንዱ ጁስ ቤት ከፈተ። አምና አንዷ ፀጉር ቤት። መስታወቷን እንኳ ሳታነሳ ሄደች፤ ጌታ ይባርካት፣ እኔ አለሁ የማይበት።"

ሳሊሀ ተቆጣች። "አንቺ ጎረቤት እንዳይመጣብሽ ነው!"

"ኧረ ነይ! ወጥ ቢሸተኝ ምን ጠላሁ? እስከ ጥር አብረን እንስቃለን።"

ለሐጂ መክረን እንመለሳለን ብያቸው ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ ሳሊሀ አምባሯን በእጅጌዋ መልሳ ሸፈነች። ኋላ ላይ፣ "እርስዎ ያውቁ ነበር" አለችኝ።

"ጠርጥሬ ነበር። ኅዳር ላይ የሊሙ ገበሬ ለሚስቱ አዲስ ቀሚስ ያሰፋል። ሐምሌ ላይ ያንኑ ቀሚስ ይዞ መጥቶ ለልጄ አሳጥርልኝ ይለኛል።"

"ታዲያ ለምን ጅማ ሳለን አልነገሩኝም?"

"የቀሚስ ነገር ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?"

እኔም አንድ ነገር ልጨምር ብዬ፣ "ደግሞ የያዝሽውን ሥራ አትናቂው። ደንበኛ አለሽ" አልኳት።

"ደንበኛማ አለኝ። እግር ነው የሌለኝ።" ቁርጭምጭሚቷን በእጇ ጨበጠች። "ጋሼ፣ ልክበር አላልኩም እኮ። ልቀመጥ ነው ያልኩት። አንድ ቦታ ልቀመጥና እነሱ ይምጡ።"

ለካ ሊሙንም ቤቱንም አልነበረም የፈለገችው። ጅማ እስክንገባ በልቤ በረንዳዬን ለካሁ፤ ጠባብ ናት። ስንወርድ፣ "ግማሹን ውሰጂ። የስፌት መኪናዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋዋለሁ" አልኳት። "ምሳውን እዚያ አቅርቢ። ሐምሌን እዚያው ካለፍሽ፣ ያኔ ቤት እንፈልጋለን።"

"ልብስዎን ወጥ ቢነካውስ?"

"ይታጠባል።"

"ደንበኞቼ ካልመጡስ?"

"ግማሾቹ አይመጡም" አልኳት። ልዋሻት አልቻልኩም።

ሰኞ ዕለት ድስቶቿን ይዛ መጣች። ጨርቅ ነጋዴው ጣሪቅ አንድ ዓይኑን ሱቁ ላይ ጥሎ በቁሙ በላ። "ሳሊሀ፣ እኔኮ የምከፍልሽ ለእግርሽ ነበር። ወጡንማ ሚስቴም ትሠራዋለች!"

"እንግዲያው ሚስትህ ተሸክማ ታምጣልህ! ዝም ብለህ ብላ!"

ሳቀና ሌላ እንጀራ አስጨመረ። የድሮ ደንበኛዋ ሙርሺድ ግን አልመጣም። ሱቁ ድረስ የሚያደርስለት ሌላ ሰው ማግኘቱን በሰው ላከባት። የላከውን ሰው አመስግና ሳህን መወልወሏን ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ ድስቱ ገና ግማሽ ነበር። የነቢያት ጾም ስለገባ ለእኔ ሽሮ ለይታ አስቀምጣልኝ ነበርና እሱን በላሁ፤ የቀረውን ሥጋ ግን ልረዳት አልቻልኩም።

ጫማዋን አውልቃ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። አምባሯ እጇ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ሐምሌስ?"

"ሐምሌ ይመጣል" አልኳት። "እስኪመጣ ተቀመጪ።"

ዞር ብዬ ሳያት ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። መኪናዬ ድምፁ ከባድ ነው። አቆምኩትና የቀረውን ጠርዝ በእጄ መስፋት ጀመርኩ።