ስም ያልተጻፈበት ተራ

«ስንት ቀን ፈቃድ ሰጡህ?» አለችው አክስቱ፣ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለችው።

«ሦስት» አለ አታሚው።

አባቱ ያረፉት እሑድ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ እንደተነሡ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሦስት ቀን ካለ ደግሞ ዛሬ ያልቃል። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ቀን መቁጠር አለበት፤ እሱ ግን አፉ እንዳመጣለት ተናገረና ጉዱ ፈላ።

«ሦስት! ለአባት ሦስት!» አለ አጎቱ ከማዶ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ድምፁ ግን ጡረታ አልወጣም። «እኔ ነኝ አለቃህን የማናግረው። የማተሚያ ቤቱን ስልክ ወዲህ በል።»

«ተወው አጎቴ፣ ራሴ ደርሼ ነግሬያቸው ልምጣ። አሁን ብሄድ ቶሎ…»

«ወዴት? ቤቱ ሰው ሞልቶ? እናትህን ለማን ጥለህ? ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። ወዲያው ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። ነፋስ ገባ ሲሉት ዘጋው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ተኩል ይላል። እጁን ኮቱ ውስጥ ሰደደና አራት ላይ የታጠፈችውን ወረቀት ዳበሳት። የስንብት ደብዳቤው ናት። ማተሚያ ቤቱ አዲስ ማሽን ባስገባ ማግስት እሱንና ስድስት ጓደኞቹን «ስለ አገልግሎታችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ካሰናበታቸው ዛሬ ስልሳ ቀን ሞላው። የሥራ አጥ ድጎማ የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ደንቡ አጭርና ግልጽ ነው፤ በስልሳ ቀን ውስጥ ያልተመዘገበ መብቱ ይቀራል። አዲስ ሰው የሚመዘግቡት ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። የመመዝገቢያው መስኮት የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ከዚህ ቤት ይህን የሚያውቅ የለም።

ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፤ የሚኖረው ከእናት ከአባቱ ጋር ነው። ስልሳውን ቀን ሙሉ እናቱ ምሳውን ቋጥራ ስትሰጠው ተቀብሎ፣ ልክ ማሽኑ እንደሚጠብቀው ሰው እየተጣደፈ ይወጣ ነበር። ማታ ሲመለስ አባቱ «ማሽኑ እንዴት ዋለ?» ይሉታል። «ወረቀት እየጎረሰ አስቸገረን» ይላል እሱ። አባቱ የሳሙና ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ስለነበሩ ማሽን ታመመ ሲባል እንደ ዘመድ ነበር የሚያስቡለት። «ጎማውን አይታችሁታል?» ይላሉ። እሱም ስለሌለ ማሽን ስለሌለ ጎማ ያወራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አባቱ መጠየቅ ተዉ። ሰለቻቸው ብሎ ነበር ያሰበው፤ እንዲያውም እፎይ ብሎ ነበር።

ለምን እስካሁን አልተመዘገበም? ሄዷል እኮ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቢሮው በር ደርሷል። ኮሪደሩ በሰው ታጭቋል። ከሰልፉ ፊት፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ይዘው ስም የሚጠሩት አባቱ ነበሩ።

ፋብሪካው ሲዘጋ አባቱ የዘጠኝ ወር ድጎማቸውን በልተው ጨርሰዋል። ካለቀም በኋላ ግን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ተላጭተው ይወጣሉ። «አሁን እዚያ ምን አለህ?» ትላለች እናቱ። «ሰዎቹ ይጠብቁኛል» ይላሉ። «ሥራ ፈት ሥራ ፈትን ሊጠብቅ!» ብላ ስትስቅ እሱም አብሮ ስቋል። ከሥራ የቀረ ሰው የሚሄድበት አያጣም ብሎ ነው። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ግን ሳቁ አልመጣለትም። አባቱ ቀና ሳይሉ ዞሮ ተመለሰ። ያላዩት መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር «በሚቀጥለው» እያለ ስልሳው ቀን ላዩ ላይ አለቀ። አሁን እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ የሚያፍረው ሰው የለም፤ መንገዱ ክፍት ነው። ይህ ሐሳብ ሽው ሲልበት ሻዩ አፉ ውስጥ መረረውና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ምን ያንቆራጥጥሃል?» አለች አክስቱ። «የተቀመጥክበት እሳት አለው?»

ይኼኔ በሩ ላይ አምስት ሰዎች ታዩ። ማንም አያውቃቸውም። ሴቶችም ወንዶችም አሉ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ቆሙ። የፊተኛዋ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ስትቀመጥ ሁለተኛው አንድ እርምጃ ቀረበ። እሱ ሲቀመጥ ሦስተኛዋ ቀረበች። አክስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እንባ ይሁን ሳቅ አልለየም።

«ሰልፈኞቹ ናችሁ አይደል?» አለች እናቱ፣ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ።

«ነን እማማ» አለች የፊተኛዋ። የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ሆቴሉ ከተዘጋ አራት ወሯ ነው። «ሁለት ሰው ተራችንን እንዲጠብቅልን አቁመን ነው የመጣነው፤ ብዙ አንቀመጥም። ጋሼ ባይኖሩ እኔ ዛሬ ድጎማ የለኝም። ቅጽ የሚሞሉልን እሳቸው፣ 'ይኼ ማኅተም ይጎድለዋል፣ ሮጠሽ አስመቺ' የሚሉን እሳቸው። እዚያ ቤት መጋፋት የቀረው በሳቸው ነው።»

እናቱ የነጠላዋን ጫፍ ታጣጥፋለች። ስትስቅ የኖረችበትን ማክሰኞ እያሰበች ይሆናል።

አጎቱ በበኩሉ የማተሚያ ቤቱን ቁጥር ከአንድ ጎረቤት አግኝቶ፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይነካካል። አታሚው ላብ አጠመቀው።

«አንድ ነገር ግን ቸገረን» አለች አጣቢዋ። «ጋሼ በየማክሰኞው አንድ ተራ ስም ሳይጽፉበት ይይዙ ነበር። የማን ነው ስንላቸው 'የሚመጣ ሰው አለ' ነው መልሳቸው። ሲቀር መጨረሻ ላይ ለቆመ ሰው ይሰጡትና በሳምንቱ ደግሞ ይይዛሉ።»

«ለዘመድ ይሆናላ» አለ አጎቱ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ።

«እንጃ። 'በሩ ድረስ መጥቶ እኔን ሲያይ ተመለሰ' ብለውኛል። 'ታዲያ ምነው አልጠሩት?' ብላቸው 'ብጠራው ማየቴን ያውቃል፣ ያፍራል። ኩራቱ ከቁመቱ ይበልጣል፤ በራሱ እግር ይምጣ' አሉኝ። ቀኑን ግን አብረውት ከተሰናበቱት ሰምተው ይቆጥሩለት ነበር። ባለፈው ሳምንት 'አንድ ማክሰኞ ብቻ ቀረው' ብለው መቀመጥ አቅቷቸው ዋሉ። ዛሬም ልማዳቸው ነው ብዬ ያዝኩላቸው፤ ዐሥራ ሰባተኛ ነው። ካልመጣስ ለማን ልስጠው?»

«ሃሎ!» አለ አጎቱ። «ማተሚያ ቤት ነው?»

«አጎቴ፣ ዝጋው።»

«ቆይ እንጂ፣ አነሡት…»

«ዝጋው አልኩህ! እዚያ አልሠራም። ካባረሩኝ ስልሳ ቀኔ ነው።» ወደ አጣቢዋ ዞረ። «ተራው… ለማንም አትስጪው።»

የአጎቱ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡረታ ወጣ። ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። አጣቢዋ አታሚውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ቁመቱን የምትለካ ትመስላለች።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቱ ናት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ምሳ የት ነበር የምትበላው?»

«መናኸሪያ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

እናቱ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «በል ተነሥ። ሰዎቹ ስላንተ ተራቸው ሊያልፍባቸው ነው» አለች። አጎቱ አፉን ሊከፍት ሲል አየችው፤ ዘጋው።

ቢሮው ሲደርሱ አምስት ሰዓት አልፏል፤ ዐሥራ አምስተኛው ሰው መስኮቱ ላይ ነበር። ኮሪደሩ የወለል ሰምና ላብ ይሸታል። ከሰልፉ የነበሩት ሰዎች አታሚውን አይተው፣ ከአጣቢዋ ጋር በዓይን ተነጋግረው፣ ምንም ሳይሉ ቦታ ለቀቁለት። አንድ ሽማግሌ ብቻ «መጣህ?» አለው፣ የቀጠረው ሰው ይመስል።

«ዐሥራ ሰባት!»

ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ጸሐፊ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች። ደብዳቤውን አቀበላት። የተሰናበተበትን ቀን አይታ በጣቷ ቆጠረችና «ለጥቂት አመለጥክ» አለች። ቅጽ አወጣች።

«ስም?»

ነገራት።

«የአባት ስም?»

አፉን ከፈተ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲያስተዛዝን፣ ወንበር ሲያመቻች፣ ሰዓት ሲያይ ነው የከረመው፤ ያንን ስም ግን አንዴም ከአፉ አላወጣውም። አሁንም እንቢ አለው።

«የአባት ስም ወንድሜ?»

በመስታወቱ ሥር እጁን አሾልኮ ብዕሩን ከእጇ ወሰደ። ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና በመስመሩ ላይ ራሱ ጻፈው። ቀስ ብሎ፣ ፊደሉ እንዳይጠብ፣ እንዳይዘም። ከዚያ ወረቀቱን እንድታነበው አዞረላት። ጣቱን ግን ከስሙ ላይ አላነሣም። ጸሐፊዋ በወረቀቱ ጫፍ ልትስበው ሞከረች፤ አልመጣላትም። ከጣቱ በታች ያለውን አነበበች፤ በየማክሰኞው ሰልፉን የሚያስይዙት ሰው ስም ነው። ከዚያ ወረቀቱን ለቀቀችለትና ጠበቀችው።