የሾርባው እስትንፋስ

በፋብሪካው ውስጥ «ቀደዳው» ካላሉት በስሙ ቢጠሩት ዞር አይልም። ወሬ ከጀመረ ትንኝን አውሮፕላን አድርጎ ያስነሳል፤ ሥራው ግን ሚዛን ነው። የምግብ ዕቃ የሚሆነው ፕላስቲክ ከመቅለጡ በፊት፣ ዓይን እስከማያየው ድረስ የደቀቀ የብር ማዕድን ያለበትን የፕላስቲክ ፍሬ መዝኖ ይጨምርበታል። ጀርም ብሩን ሲነካ ይሞታል ተብሎ ነው። የቀደዳው እጅ ደግሞ ሳይመርቅ አያውቅም። ለሙከራ በተሠራ አንድ ዙር ላይ ከልኩ በላይ ሰባት እፍኝ መረቀበትና ከዚያው አንዱን ዕቃ ለሚስቱ ይዞላት ገባ። በዚህ ውስጥ ያስቀመጥሽው የልጅ ልጅሽ እስኪዳር አይበላሽም አላት። ሳቀችበት።

ሚስቱ የድንች ሾርባ ሠርታ የተረፈውን በዚያ ዕቃ ከድና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባች። በማግስቱ ልቧ ቀጥ ብሎ ሞተች።

ስድስት ሳምንት ሆነ። ሾርባው አልሻገተም፤ ቀለሙም ያው ነው። ቀደዳው ጠዋት ጠዋት ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ክዳኑን አብጦ ያገኘዋል። ጥጉን በአውራ ጣቱ ሲያነሳው «እፍ» ይላል፤ ልክ እሷ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ እንደምትለው። እየቆየ «እንዴት አደርሽ» ማለት ጀመረ። ክዳኑ ሳያብጥ ያደረ ቀን ሥራ ቦታ አፉን ሳይከፍት ይውላል፤ አመመህ ወይ ይሉታል።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ እርጉዝ ናት። እናቷ ስትሞት ሩቅ አገር ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም። በስልክ ስታለቅስበት ሊያጽናናት ብሎ ስለ ሾርባው ነገራት። እንደ ልማዱም ጨመረበት፤ አሁን ከምድጃ የወረደ ይመስላል፣ ሊያናግርሽ ምንም አልቀረው አላት። ቅዳሜ መጥቼ የእናቴን እጅ እቀምሳለሁ አለችው።

ረቡዕ ዕለት ዕቃውን በፌስታል ይዞ የፋብሪካው ላብራቶሪ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሊጎርር ነው የሄደው። እርጉዝ ልጄ ቅዳሜ ልትቀምሰው ነው ብሎም አወራ። መርማሪዋ ከዕቃው ግድግዳም ከሾርባው መሃልም ናሙና ወሰደች። ዓርብ ስትጠራው ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«ጋሽዬ፣ ግድግዳው ንጹሕ ነው» አለችው። «ብሩ የሚገድለው የነካውን ነው። መሃሉን ማን ነካው? እዚያ ጀርሞቹ ይተራመሳሉ። ክዳኑን የሚያሳብጠው እነሱ የሚያወጡት አየር ነው።»

«የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው። ብሩም ይህን ያህል ሲበዛ ወደ ምግቡ ይወጣል። እንኳን ለእርጉዝ፣ ለጠላትዎም አይስጡት።»

የዚያኑ ዕለት መድፋት ነበረበት። ክዳኑን ዳሰሰና መልሶ አስቀመጠው። ቅዳሜ ጠዋት ጥጉን ሲያነሳው ያው «እፍ» አለ፤ አሁንም እሷን መሰለው። ማወቁ ምንም አልጠቀመውም።

ልጁ መጣች። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በሩን አለፈ። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ማንኪያ ይዛ ተቀመጠች። ቀደዳው የተባለውን ሁሉ ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራት፤ በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ አውርቶ አያውቅም። እሷ ግን ሾርባውን አሸተተች፣ ቀለሙን አየች።

«አባዬ፣ ዕድሜ ልክህን ስትቀድ ኖረህ ዛሬ እውነት ልትነግረኝ? ለብቻህ ልታስቀራት ነው።»

ማንኪያውን ሞልታ አነሳች። ቀደዳው እጇን ያዘው። ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ዕቃውን አንስቶ ሾርባውን መታጠቢያው ውስጥ ገለበጠና ውሃውን ለቀቀበት። ቱቦው ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፤ ከዚያ ዝም አለ። እሱም ጆሮውን ጥሎ ቆየ።

ልጁ ማንኪያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አጠበችው። በኋላ ድምፅዋ ዝግ ብሎ መጣ።

«እማዬ ምን ምን ነበር የምትጨምርበት?»

አፉን ከፈተ። ሌላ ቀን ቢሆን ከየት የመጣ እንደሆነ የማይታወቅ ቅመም ሁሉ ይደረድርላት ነበር።

«አላውቅም» አላት። «ሃያ ስድስት ዓመት በላሁ እንጂ ስትሠራ አላየኋትም።»