የጎደለው የመስቀሉ ክንድ

እሱ ነው የሚያስጠላት፣ ጠዋት ጥዱ ላይ መስቀሉን ቆርጦ ሳይጨርስ መሳቁ፣ በቃ አንድ ክንድ ይበቃዋል ሲሞትም የሚሠራለት አንድ እጁ ብቻ ነበር አለ አጎቷ ኡርማስ፣ ስለ ገዛ አባቱ፣ ሬሳው መኪናው ላይ እየጠበቀ፣ ሌሎቹም ሳቁለት፣ ጥቁር ለብሰው፣ የቮድካውን ጠርሙስ ከአፍ ወደ አፍ እያቀባበሉ። ሜሪኬ ጠርሙሱ ሲደርሳት ለቀጣዩ አቀበለች። እንደ ሁልጊዜው።

አሁን ብቻዋን ወደዚያው ጫካ እየሄደች ነው፣ በረዶው እስከ ጉልበቷ ይውጣታል፣ ኪሷ ውስጥ የሟቹ አያቷ፣ የአባባ፣ መሮ ጭኗን ይወጋታል፣ ቤት ውስጥ እየበሉ ነው፣ የኡርማስ አገጭ ላይ የአሳማ ስብ ረግቷል፣ አፉን ሞልቶ ስለ አባባ ደግነት ያወራል። ቱ። በአገሩ ልማድ ቀባሪ ሁሉ እዚያ ጫካ ጥድ ጋ ይቆማል፣ የበኩር ልጅ ግንዱ ላይ መስቀል ይቆርጣል፣ ነፍስ ወደ ቤት ልመለስ ብላ ስትመጣ መስቀሏን አይታ እዚያው እንድታርፍ፣ የአባባ አባት ዛፍ አለው፣ እናቱም አላት፣ አባባስ? ግማሽ መስቀል ላይ ማን ያርፋል?

እነሱ ደግሞ አባባን በሕይወት ሳለ ይጸየፉት ነበር። አክስቷ ሲልቪ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ትገባለች፣ ኧረ መስኮት ክፈቱ ሰው እንዴት እዚህ ይቀመጣል፣ እሱ እየሰማ። ሜሪኬ እግሩን ታጥብለት ነበር፣ እሷን አላስጠላትም፣ እጅሽ በረዶ ነው አንቺ ልጅ፣ ይላታል በተጣመመ አፉ፣ ይስቃል።

ደረሰች። ዛፉ ይኸው፣ ሥሩ ላይ የኡርማስ ትውኪያ፣ ቢጫ፣ ድንቹ ሳይቀር እንዳለ በረዶ ሆኗል። በቦቷ በረዶ ትገፋበታለች፣ እንደገና፣ እንደገና፣ እስኪነጣ። ቀና ስትል መስቀሉ፣ ወደ ግራ ብቻ የተዘረጋ፣ በቀኝ ምንም።

ስልኳ ይጮኻል። የት ገባሽ አንቺ፣ ሳህኑ ተቆልሏል እኮ፣ ሲልቪ ናት። ጫካ ነኝ። በዚህ ብርድ ጫካ ምን ትሠሪያለሽ? አጎቴ የተወውን ልጨርስ ነው። አበድሽ እንዴ፣ ሴት ልጅ መስቀል አትቆርጥም፣ ሰው ምን ይላል? ቆርጦ የሚጨርስ ወንድ አጣሁ፣ ትላለች ሜሪኬ፣ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ነው፣ ስልኩን ትዘጋለች።

ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ መሮውን በድንጋይ ትመታዋለች፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ነጩ እንጨት ብቅ ይላል፣ እርጥብ፣ እንደ ታጠበ እግር። አባባ፣ መጣህ? ጸሎት አታውቅም፣ የቄሱን ቃል ጠዋት አልሰማችውም፣ የቄሱን ጫማ ስታይ ነበር። ከላይ ቅርንጫፍ በረዶውን ይጥላል፣ አንገቷ ውስጥ ይገባል፣ ትዘላለች፣ ከዚያ ጫካው ዝም ይላል፣ ግን ባዶ ዝምታ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ተኝቶ ሳለ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ግንባሯን ግንዱ ላይ ታስደግፋለች። የመስቀሉ ቀኝ ክንድ አሁን ተዘርግቷል።

ከመስቀሉ ጎን የደረቀ ሙጫ አለ፣ ጠብታ፣ ማር መሳይ። አኝኪው ጥርስ ያጠነክራል ይላት ነበር አባባ፣ እሷ እንትፍ ትላለች፣ ምላስሽ የከተማ ነው ብሎ ይስቅባታል። በጥፍሯ ፈልቅቃ አፏ ውስጥ ትጨምረዋለች። ይፈረፈራል፣ አቧራ አቧራ ይላል፣ ይመራል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ወደ ቤቱ መንገድ ታያለች፣ ጭሱ ይታያል፣ እዚያ እየሳቁ ነው።

ታኝካለች። ቀስ በቀስ ይለሰልሳል።

አትተፋውም።